መብራት ሲመጣ ድምፁ ለምን አይመጣም?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሳሎናችን ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ስክሪኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ደህና ነው። ከቲቪው ጀርባ ተቀምጦ፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ እንደታሰረ ውሎ ያድራል። እማዬ ድራማዋንም ስብከቷንም የምትከታተለው በእሱ ነው። የጫንኩበት ኡቡንቱ 24.04 የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው መብራት ሲሄድ ነው። ቲቪው ድርግም ይላል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። መብራት ሲመጣ ምስሉ ቲቪው ላይ ይመለሳል። ድምፁ ግን የሚመለሰው አንዳንዴ ብቻ ነው። ሳይመለስ ሲቀር ላፕቶፑ ከቲቪው ጀርባ ሆኖ ያወራል፤ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ሰው ይመስላል። ያኔ ሥራ ቦታ ስልኬ ይጮኻል።

«አንተ፣ ድምፁን ደግሞ ምን አደረግኸው?»

«ምንም አልነካሁም እማዬ። ከላይ በቀኝ በኩል ስፒከር የምትመስለውን ምልክት ጫኛት።»

በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። እኔን ያናደደኝ «አንዳንዴ» የምትለዋ ነገር ናት። ሁልጊዜ ቢበላሽ ኖሮ ድሮ በጠገንኩት።

ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ያለኝን ቆጠርኩ። ከዚህ ላፕቶፕ ድምፅ የሚወጣባቸው መንገዶች አምስት ናቸው። የራሱ ስፒከር፣ የኢርፎን ቀዳዳው፣ ኤችዲኤምአዩ፣ ለሥራ ስብሰባ የምጠቀምበት የዩኤስቢ ሄድሴት፣ አልፎ አልፎም የወንድሜ የብሉቱዝ ስፒከር። ከራሱ ስፒከር በቀር ሁሉም ኮምፒውተሩ እየሠራ እያለ የሚመጡና የሚሄዱ ናቸው።

ከውስጥ ያሉትን ሠራተኞችም ላስተዋውቅ፣ ኋላ ስማቸው ስለሚመላለስ። ከታች ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ አልሳ አለ። ሃርድዌሩን የሚያናግረው እሱ ነው። ከላዩ ፓይፕዋየር አለ፣ ድምፅ የሚፈስበት ቧንቧ። ከጎኑ ዋየርፕለምበር አለ። ይሄኛው የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው መውጫ ጋር ይገናኝ የሚለውን የሚወስን ነው። ስሙ ራሱ ከቧንቧ ሠራተኛ የተወሰደ ነው። ድሮ የእነዚህን የሁለቱን ሥራ ፓልስኦዲዮ ብቻውን ይሠራው ነበር። ፌዶራ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ሥርዓት በፈረንጆቹ 2021 በ34ኛው እትሙ፣ ኡቡንቱ ደግሞ በ22.10 ወደ ፓይፕዋየር ዞሩ። ፕሮግራሞቹ ግን ዛሬም ፓልስኦዲዮን የሚያናግሩ ይመስላቸዋል፤ ፓይፕዋየር በእሱ ቋንቋ ይመልስላቸዋል። የድሮዎቹ ትዕዛዞች አሁንም የሚሠሩት ለዚህ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች ቲቪው ነፃ ነው። ፓክትል የሚባለውን ትዕዛዝ ሰብስክራይብ ብዬ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ከፈትኩት። በድምፅ ሥርዓቱ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ በየመስመሩ ይጽፋል። ምን መጣ፣ ምን ተቀየረ፣ ምን ሄደ። ከዚያ ቁጭ ብዬ መሰካትና መንቀል ያዝኩ።

መጀመሪያ ኢርፎን ሰካሁ። የመጣው «ተቀየረ» የሚል ብቻ ነው። አዲስ መውጫ አልተፈጠረም፣ የነበረውም አልጠፋም። ስፒከሩና ኢርፎኑ በአንድ መውጫ ላይ ያሉ ሁለት ፖርቶች ናቸው። የሚቀየረው ፖርቱ ነው። እያንዳንዱ ፖርት የራሱን የድምፅ መጠን ለብቻው ስለሚያስታውስ ኢርፎኑ 30 ላይ፣ ስፒከሩ 80 ላይ ይቀመጣሉ። እስከ ዛሬ ይህን አስማት ነበር የማስበው።

ቀጥሎ የዩኤስቢ ሄድሴቱን ሰካሁ። አሁን ሌላ ነገር ነው። አዲስ የድምፅ ካርድ መጣ፣ አዲስ መውጫ መጣ፣ አዲስ ማይክ መጣ። ስነቅለው ሁሉም ሄዱ።

ከዚያ ኤችዲኤምአዩን ነቀልኩ። ካርዱ አልሄደም፣ «ተቀየረ» ነው ያለው። መውጫው ግን ሄደ። በምትኩ ሌላ መውጫ መጣ። እዚህ ላይ ነው የገባኝ። በዚህ ላፕቶፕ ላይ የአናሎጉ (የስፒከሩና የኢርፎኑ) ድምፅና የኤችዲኤምአዩ ድምፅ የሚኖሩት አንድ ካርድ ውስጥ ነው። ካርዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮፋይል ብቻ ነው የሚይዘው። ወይ የአናሎጉን፣ ወይ የኤችዲኤምአዩን። ቲቪው ሲመረጥ የላፕቶፑ ስፒከር ድምፁ አይደለም የሚቀነሰው፤ ለፕሮግራሞቹ ጭራሽ የለም። ሁለት ሰው የሚፈራረቅበት አንድ ወንበር በሉት።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ስፒከሩም ኤችዲኤምአዩም ጎን ለጎን ይታያሉ። የእኔ አሮጌ ነው፣ ምን ይደረግ።

እንግዲህ ሦስቱንም «ሰካሁት» ነው የምንለው። ለኮምፒውተሩ ግን አንዱ የፖርት ለውጥ፣ አንዱ የካርድ መምጣት፣ አንዱ የፕሮፋይል ለውጥ ነው። አንዱን የሚፈታ ቁልፍ ሌላውን አይከፍትም። ከዚህ በፊት ሞክሬ ያልሠሩልኝ መፍትሔዎች ለምን እንዳልሠሩ አሁን ነው የተረዳሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ማታ 1፡40 ላይ መብራት ሄደ። በሕይወቴ መብራት በመሄዱ የተደሰትኩበት ቀን ቢኖር ይሄ ነው። ላፕቶፑን አንስቼ ተርሚናሉ ላይ ተተከልኩ።

በኤችዲኤምአይ መሰኪያው ውስጥ ካሉት 19 እግሮች የመጨረሻው፣ 19ኛው፣ ሥራው «አለሁ» ማለት ነው። ቲቪው በዚያ እግር ላይ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ ያንን አይቶ የተሰካ ነገር መኖሩን ያውቃል። ቲቪው ሲሞት ያም ይሞታል። ገመዱ አልተነቀለም፣ ለኮምፒውተሩ ግን ተነቅሏል። ከርነሉ ይህን የሚጽፍበት ፋይል ፕሮክ ውስጥ፣ አሳውንድ በሚለው ፎልደር ሥር አለ። ቲቪው እያለ ስሙን፣ ስንት ቻናል እንደሚቀበልም ይናገራል። የእኛው ሁለት ቻናል ብቻ ነው ያለው። አሁን ፋይሉ ውስጥ ስሙ የለም፣ ሞኒተር አለ ወይ በሚለው ቦታ ዜሮ ተጽፏል።

ድምፁ ወደ ላፕቶፑ ስፒከር ሄደ። እስከዚህ ትክክል ነው።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። እማዬ ሪሞቱን ተጫነች። ምስሉ ተመለሰ። ፋይሉ ዜሮውን ወደ አንድ ቀየረ፣ የቲቪውም ስም ተመለሰ። ከርነሉ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ፕሮፋይሉ ግን አናሎግ ላይ ፍንክች አላለም።

ስለዚህ ጥፋተኛው ዋየርፕለምበር ነው አልኩ። የሚያስታውሳቸውን ነገሮች የሚያስቀምጥባትን ፎልደር ከፈትኩ። ቤት ፎልደሬ ውስጥ የተደበቀች ናት፣ ስቴት የምትባል። «ዲፎልት ፕሮፋይል» የሚል ፋይል አለ። ውስጡ አንድ መስመር። የካርዱ ስም፣ እኩል ይሆናል፣ አናሎግ ስቴሪዮ።

ማን ጻፈው?

እኔ። ወንድሜ ኳስ ሲያይ ቲቪውን ወደ ዲኮደሩ ያዞረዋል። እማዬ ያኔ ላፕቶፑን ከነገመዱ ወደ ጠረጴዛው ስባ ስብከቷን በድምፅ ብቻ ታዳምጣለች። ቲቪው በርቷል፣ ገመዱም ተሰክቷል፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ድምፁን ወደ ቲቪው ነው የሚልከው። ቲቪው ግን ዲኮደሩን ነው የሚሰማው። «ድምፅ የለም» ስትለኝ በስልክ «ስፒከር የሚለውን ምረጪ» እላታለሁ። ዋየርፕለምበር በእጅ የተመረጠውን ነገር እንደ ትዕዛዝ ቆጥሮ ይጽፈዋል። የተጻፈው ፕሮፋይል እስካለ ድረስ ሌላ አይመርጥም። ምንም ካልተጻፈ ነው የተሻለውን ራሱ የሚፈልገው፤ ያኔ በእርግጠኝነት መሰካቱ የታወቀውን ያስቀድማል። የላፕቶፑ ስፒከር ተሰካ ነቀለ የሚለው ምልክት ስለሌለው «ያልታወቀ» ነው፣ ስለዚህ ተሰክቶ ለታየ ቲቪ ይለቃል።

«አንዳንዴ»ም ተፈታች። ከኳስ በኋላ መብራት ከሄደ ድምፁ አይመለስም። በስልክ አስተካክለን ኤችዲኤምአይ ካስመረጥኳት በኋላ ከሄደ ይመለሳል። ምንም አልነካሁም ብዬ የማልኩትን መሐላ እዚህ ላይ እሰርዛለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መስመሩን ማጥፋት ቀላል ነው። ግን ወንድሜ ኳስ ማየቱን አይተውም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ ይጻፋል። ማስታወስን ጨርሶ ላጥፋ ብዬ አሰብኩ። ተውኩት። የድምፅ መጠኑንም ሌላውንም አብሮ የሚረሳ ማሽን ለእማዬ ሌላ የስልክ ጥሪ ነው።

ትንሽ ስክሪፕት (ትዕዛዞችን በራሱ የሚፈጽም ፋይል) ልጻፍ አልኩ። የፓክትልን ወሬ እያዳመጠ ይቀመጣል። ካርዱ ተቀየረ ሲባል የኤችዲኤምአዩ ፖርት መኖሩን ያያል። ካለ ፕሮፋይሉን ወደ ኤችዲኤምአይ ያዞራል። አሥራ ሁለት መስመር ሆነ። ቲቪውን ከሶኬት ነቅዬ መለስኩት፣ ሠራ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ምሳዬን በላሁ።

ማታ ኳስ ተጀመረ። እማዬ ላፕቶፑን ሳበች፣ ስፒከር የሚለውን መረጠች። ድምፁ አንድ አፍታ መጣና ጠፋ። እንደገና መረጠች። መጣና ጠፋ።

«ይሄ ነገር ከእኔ ጋር እልህ ተጋብቷል» አለች።

እውነቷን ነው። እሷ ስፒከር ስትመርጥ ካርዱ «ተቀየረ» ይላል። ስክሪፕቴ ይነቃል፣ ኤችዲኤምአዩ መኖሩን ያያል፣ መልሶ ይወስደዋል። ሰውና ስክሪፕት ገመድ እየተጓተቱ ነው። ስክሪፕቱን ገድዬ ኳሱን አየሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ስህተቱ ግልጽ ነው። የጠየቅኩት «ቲቪው አለ ወይ?» ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ «ቲቪው አሁን ነው የመጣው?» ነው። ያለ ነገርና የመጣ ነገር አንድ አይደለም። አሁን ስክሪፕቱ የፖርቱን የቀድሞ ሁኔታ ይይዛል። ከ«የለም» ወደ «አለ» ሲዞር ብቻ እጁን ያስገባል። ከዚያ በኋላ ሰው የፈለገውን ቢመርጥ አያገባውም።

ለመሞከር ቲቪውን ከሶኬት ሰባት ጊዜ ነቀልኩ። ሁለቱ ላይ ድምፁ የትም አልነበረም። ወሬውን ሳነበው ቲቪው ሲነሳ አንዴ «አለሁ» ይላል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ «አለሁ» ይላል። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ነው። ስክሪፕቴ በመጀመሪያው «አለሁ» ላይ ዘሎ ያዞራል፣ ፖርቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ሁሉም ይደናገራል። መፍትሔው ማስተዋል ነው። ለውጥ ሲሰማ ሁለት ሰከንድ ይተኛል፣ ከዚያ ተነስቶ ያያል። አሁንም ካለ ያዞራል። ሁለት ሰከንድ ለእማዬ ምንም ማለት አይደለም፣ ቲቪው ራሱ ምስል እስኪያወጣ ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ከዚህ በኋላ አሥር ጊዜ ነቀልኩ፣ አሥሩም ሠራ። ሶኬቱ ግን መላላት ጀምሯል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አዲስ አቤቱታ መጣ። እማዬ ቪዲዮ አቁማ ስታስቀጥል የመጀመሪያዋ ቃል ትበላለች። «በስመ አብ» የሚለው «አብ» ሆኖ ነው የሚጀምረው። ይህን በቀላሉ የምታልፈው ሰው አይደለችም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ለ5 ሰከንድ ድምፅ ያልወጣበትን መውጫ ዋየርፕለምበር ያስተኛዋል። ለላፕቶፕ ባትሪ ጥሩ ነው። ቲቪው ግን የድምፅ ምልክቱ ሲቋረጥና ሲመለስ እንደገና ለመያዝ ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያ መሐል ያለው ድምፅ ይበላል። ለኤችዲኤምአይ መውጫው ብቻ ይህንን ጊዜ ዜሮ ማድረግ ነው፤ ዜሮ ማለት አትተኛ ማለት ነው።

የአምስት ደቂቃ ሥራ መሆን ነበረበት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በአዲሱ አጻጻፍ ፋይል አዘጋጀሁ፣ ትክክለኛው ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ። ምንም የለም። ስህተት እንኳ አይልም፣ ዝም ነው። ቃሉን አስተካከልኩ፣ ቅንፉን ቆጠርኩ። ዝም። በመጨረሻ የዋየርፕለምበሩን እትም አየሁ፣ 0.4.17 ይላል። የአወቃቀሩ አጻጻፍ የተቀየረው ከ0.5 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የሚጻፈው በሉዋ ቋንቋ ነበር፣ ፎልደሩም ሌላ ነው። አሮጌው እትም አዲሱን ፋይል ከነመኖሩም አይቆጥረውም።

በሉዋ ጻፍኩት። አንድ ኮማ ረሳሁ። ይሄኛውስ ዝም አላለም፤ ድምፁን ከነጭራሹ አጠፋው። ኮማዋን ጨመርኩ፣ ተነሳ። «በስመ አብ» ሙሉ ሆነ።

ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያላችሁ፣ መጀመሪያ እትሙን እዩ። እኔ ያጠፋሁትን ማታ አታጥፉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የዩኤስቢ ሄድሴቱ ተራ። ሌላው ላፕቶፔ ጥገና ቤት ስለነበር ረቡዕ ለት ስብሰባዬን በዚሁ በሳሎኑ ላፕቶፕ ነው የተካፈልኩት። መሐል ላይ ወንበሬን ወደኋላ ስገፋ ገመዱ ተነቀለ። አለቃዬ በቲቪው፣ በሙሉ ድምፅ፣ ስለ በጀት መናገሩን ቀጠለ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ «እኚህ ሰውዬ ምን ሆኑ?» አለች።

ፓይፕዋየር ጥፋት አልሠራም። መውጫ ሲጠፋ በእሱ ላይ ሲጫወት የነበረው ነገር እንዳይቋረጥ ወደሚቀጥለው መውጫ ይወሰዳል። ለሙዚቃ መልካም ነው፣ ለምስጢር አይደለም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ኢርፎን ሲነቀል ሥርዓቱ ለመተግበሪያዎቹ «ልትጮኹ ነው» የሚል መልእክት ያሰራጫል። ደህና የተሠራ ማጫወቻ ያንን ሰምቶ ራሱን ያቆማል። ላፕቶፑ ላይ እንዲህ ያለ ጨዋነት አላገኘሁም።

ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ ስብሰባውን ለብቻው ሌላ ብሮውዘር ላይ አደረግኩት። ሥርዓቱ የትኛው ፕሮግራም የት ይጫወት እንደነበር በስሙ ያስታውሳል፤ ታብ ከታብ ግን አይለይም። የእማዬ ድራማና የእኔ ስብሰባ በአንድ ብሮውዘር ከሆኑ ለእሱ አንድ ሰው ነን። በሁለት ብሮውዘር ሲሆን የእኔን አንዴ ወደ ሄድሴቱ አዞርኩት፣ ከዚያ ወዲህ ሄድሴቱ በተሰካ ቁጥር ራሱ ይሄዳል፣ ድራማውም ቲቪው ላይ ይቀራል። ሄድሴቱና ቲቪው የተለያዩ ካርዶች ስለሆኑ አብረው መሥራት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ስክሪፕቱ የዩኤስቢ ካርድ ሲሄድ የስብሰባውን ብሮውዘር ወዲያው እንዲያፍን አደረግኩ። እውነቱን ለመናገር ሙሉ አይደለም። ስክሪፕቱ የሚሰማው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያመልጣል። ግማሽ ሰከንድ አለቃ ግን ከአምስት ደቂቃ አለቃ ይሻላል።

አንድ የድሮ ስህተቴንም አገኘሁ። ከዓመታት በፊት አልሳን «ካርድ ቁጥር 1 ተጠቀም» ብዬ የጻፍኩለት ፋይል ነበር። ያኔ ሄድሴቱ ነበር ቁጥር 1። አሁን ዌብካም አለ፣ ማይክ ስላለው እሱም እንደ ድምፅ ካርድ ነው የሚቆጠረው፤ ቀድሞ ከተሰካ ቁጥር 1 እሱ ነው። ቁጥር ለሚሰካና ለሚነቀል ነገር አይሆንም። ፓይፕዋየር የሚሰጠው ስም ከመሣሪያው ማንነት የተወሰደ ስለሆነ ሄድሴቱን በግራም ሰካሁት በቀኝ አይቀየርም። ፋይሉን አጠፋሁት።

ብሉቱዙን ለአንድ ሰዓት ያህል አየሁትና ተውኩት። ማይኩ ሲከፈት ድምፁ የስልክ ድምፅ ይሆናል፤ ሙዚቃ የሚያስተላልፈው ፕሮፋይልና ንግግር የሚያስተላልፈው የተለያዩ ስለሆኑ ነው። የወንድሜ ስፒከር ነው፣ ራሱ ይወቅበት።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

በዚህ ሳምንት መብራት አራት ጊዜ ሄዶ መጣ። ሦስቱ ላይ ድምፁ በራሱ ተመለሰ። ሁለቱ ከኳስ በኋላ ነበሩ።

አራተኛው ትናንት ማታ ነው። መብራቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ። የላፕቶፑ ባትሪ ያን ያህል አይችልም፣ ሊያልቅ ሲል ራሱን አስተኛ። መብራት መጣ፣ እማዬ ቲቪውን አበራች፣ ላፕቶፑን ቀሰቀሰች። ምስል አለ። ድምፁ ግድግዳ ውስጥ ነው።

የስክሪፕቱን ማስታወሻ አየሁ። ከመተኛቱ በፊት የጻፈው የመጨረሻ ነገር «ቲቪው የለም» ነው። ከነቃ በኋላ አንድም ነገር አልጻፈም። ፓክትል ተቋርጦበት ይሁን፣ ወይስ ለውጡ ላፕቶፑ ተኝቶ እያለ ስላለፈ ማንም አልነገረው፣ ገና አልለየሁም። ለጊዜው ላፕቶፑ በነቃ ቁጥር ስክሪፕቱ ከዜሮ እንዲጀምርና፣ ሲጀምርም ቲቪው ካለ አሁን እንደመጣ እንዲቆጥረው አድርጌዋለሁ። ለመሞከር ላፕቶፑን አስተኝቼ፣ ቲቪውን ነቅዬ፣ ሰክቼ፣ ቀስቅሼ ማየት አለብኝ።

እማዬ ሶኬቱን እንዳልነካ ከልክላኛለች። ቲቪው የሚሰካበት ማከፋፈያ ነገ ገዝቼ እመጣለሁ።